ኅዳር ሲታጠን የሚያስለው ማን ነው?

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ አዲስ አበባ ውስጥ የነቃ ሰው ቀኑን ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም፤ አፍንጫው ይነግረዋል። ከየደጃፉ ተጠርጎ የተከመረው ቆሻሻ ከንጋት ጀምሮ ይጨሳል። ባለፈው ዓመት እኛ ሰፈር የተከመረውን ቆሜ አይቼዋለሁ። ከላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ፣ ከሥሩ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ ያገለገለ ዳይፐር። ቅጠሉ ነጭ ጭስ አውጥቶ ቶሎ አለቀ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጭስ ጥቁርና ቅባታም ነበር፤ ወደ ላይ መውጣት ትቶ በአጥሩ ሥር እየተጎተተ ጎረቤታችን እማማ ዶሮ ቤት ገባ። ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ወጡ። ከሰዓት በኋላ አመዱ ሲበርድ ተመልሰው መጡና እየጫሩ ይለቅሙበት ጀመር።

የልማዱ ታሪክ የታወቀ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ፤ «የኅዳር በሽታ» የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። ግቢን ጠርጎ ቆሻሻን ማቃጠልና ሰፈሩን ማጠንም ከዚሁ መቅሠፍት ጋር ተያይዞ ልማድ ሆነ። በዘመኑ ሰው እጁ ላይ በነበረው ዕውቀት መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ገለባ፣ ሣር፣ ቅጠልና ከበረት የተጠረገ ጉድፍ ነው። ስሙና ቀኑ እንዳሉ ናቸው፤ የተለወጠው ክምሩ ነው።

ስለ አየር ብክለት ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ የሰው ሳንባ ላይ ያርፋል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ውጭና ከቤት ውስጥ ባለው የተበከለ አየር ሳቢያ በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ይገምታል። እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላስተኙኝ ዶሮዎቹ ናቸው። የተበከለ አየር ሰውን ብቻ መርጦ አይነካም፤ እንዲያውም ከሰው በፊት የሚያገኛቸው ብዙ ናቸው፤ ቅጠሉን፣ ንቡን፣ ዶሮዋን፣ በዛፍ ግንድ ላይ የተለጠፈውን ግራጫ ነገር። እነሱን ስንቆጥር አንገኝም። ጉዳታቸው ደግሞ እነሱ ዘንድ አይቀርም፤ ዞሮ መሶባችን ላይ ይቀርባል።

ከዶሮዎቹ እንጀምር። ፕላስቲክ፣ በተለይም ክሎሪን ያለበት ዓይነት፣ በደንብ ሳይነድ ሲጨስ ዳዮክሲን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ። ዳዮክሲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ስብ ውስጥ ግን ይሟሟል፤ ቶሎም አይፈርስም። ከጥቃቅን ብናኝ ጋር ተጣብቆ ይወርድና ሣር ላይ፣ አፈር ላይ፣ አመድ ውስጥ ይቀመጣል። አፈር ስትጭር የምትውል ዶሮ ትለቅመዋለች፤ ሣር የምትግጥ ላም ታመነዥከዋለች። ሰውነታቸው ውስጥ ከስብ ጋር ተቀማምጦ በእንቁላሉ አስኳልና በወተቱ ቅባት ይወጣል። ጭሱን ሸሽቶ መስኮቱን የዘጋ ሰው በቁርሱ በኩል ያገኘዋል ማለት ነው። ጣሊያኖች ይህን በደንብ ያውቁታል። በኔፕልስ ከተማ ዙሪያ ቆሻሻ ለዓመታት በሕገ ወጥ መንገድ ሲጣልና ሲቃጠል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በካምፓኒያ ክልል ከጎሽ በታለበ ወተት ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ ዳዮክሲን ተገኘ። ከዚሁ ወተት የሚሠራውን ዝነኛ የሞዛሬላ አይብ ደቡብ ኮሪያና ጃፓን አገራቸው እንዳይገባ አገዱት። የአገሩ ሰው ያንን አካባቢ «የእሳቶች ምድር» ብሎ ይጠራዋል። ጎሾቹ ጭሱን አላስነሱትም፤ ሣር ጋጡ እንጂ።

ለመሆኑ የምንተነፍሰውን አየር ሁኔታ በምን እናውቀዋለን? በዓለም ጤና ድርጅት የ2021 እ.ኤ.አ. መመሪያ መሠረት ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ መብለጥ የለበትም። የዚህ ብናኝ ስፋት የአንድ የራስ ፀጉር ሠላሳኛ እጅ ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲመዘገብ የኖረው መጠን ከዚህ ወሰን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዓመታት በየሰዓቱ ለሕዝብ ይታይ የነበረው ንባብ ግን ከአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ የሚመጣው ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት በየካቲት 2017 ዓ.ም. መገባደጃ ከየአገሩ ኤምባሲዎቹ የሚያወጣውን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመ። ሌሎች መለኪያዎች አሉ፤ ለከተማዋ ስፋት ግን ጥቂት ናቸው። የራሳችንን አየር በሰው አጥር ውስጥ በተተከለ መሣሪያ ስናነብ መኖራችን ለብቻው የሚያስተክዝ ነገር ነው፤ ለዛሬ ልለፈው።

አንድ መለኪያ ግን በየመንገዱ ዳር ቆሟል፤ የሚያየው አጥቶ ነው እንጂ። በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ የተለጠፈውን ግራጫ፣ አመድማ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ደጋ ላይ ከፅድና ከኮሶ ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም ሲንዠረገግ የዛፍ ሽበት የሚሉት አሉ፤ የሥነ ሕይወት መጻሕፍት ላይከን ይሉታል። ባሌ ውስጥ በሐረና ጫካ ላይኛው ክፍል ያለፈ ሰው ዛፎቹ ሁሉ ሽማግሌ መስለው አይቷቸዋል። ላይከን አንድ ፍጥረት አይደለም። ፈንገስና አልጌ ተጋብተው የሠሩት ቤት ነው፤ ፈንገሱ ግድግዳና ጣሪያ ይሆናል፣ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስላል። ይህ ቤት ሥር የለውም። እንደ ቅጠል በሰም የተቀባ ቆዳም የለውም። የሚበላውንም የሚጠጣውንም በቀጥታ ከዝናብ፣ ከጉምና ከሚያርፍበት ብናኝ ይወስዳል። ቅጠል መርዙን ይዞ በበጋ ይረግፋል፤ ላይከን ግን አይረግፍም፣ ያገኘውን ሁሉ ያከማቻል። ድኝ ካለበት ነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም ያፈርሳል። አብሳዩ ሲሞት ቤቱም ይዘጋል።

ዊልያም ኒላንደር የሚባል የፊንላንድ ተወላጅ የዕፀዋት ሊቅ ይህን ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1866 ፓሪስ ውስጥ ነበር፤ በሉክሰምቡርግ የአትክልት ሥፍራ ዛፎች ላይ የሚያያቸው የላይከን ዓይነቶች ከከተማዋ ሌላ ክፍል ጠፍተዋል፤ ጤናማ አየርን የሚመሰክሩ ናቸው አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ሀውክስዎርዝና ሮዝ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ከዜሮ እስከ አሥር ደረጃ አውጥተው፣ የትኛው ዓይነት ላይከን ካለ በአየሩ ውስጥ ምን ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንዳለ መገመት የሚያስችል ሠንጠረዥ አወጡ። ዜሮ ማለት በዛፉ ላይ አንድም ነገር የሌለበት በረሃ ነው።

እኔም በአቅሜ ልሞክረው ብዬ በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከእንጦጦ ማርያም ተነሥቼ ቁልቁል ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ያሉት አሮጌ ፅዶች ጢማቸውን እንደያዙ ናቸው። ሽሮ ሜዳ ስደርስ ጢሙ የለም፤ ቅጠል መሰል ልጥፎች ግን አሉ። ፒያሳ አካባቢ በቀረው አሮጌ ዛፍ ላይ ያገኘሁት እንደ ዱቄት የተነፋ ቀጭን አረንጓዴ ብቻ ነው። መርካቶ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለ ዛፍ ላይ ጣቴን ባሳልፍበት ጥቀርሻ ይዞ ተመለሰ። ይህ ሳይንስ አይደለም። እንጦጦ ከፍታውም ጉሙም ይበዛል፤ የዛፉ ዓይነትና የልጡ ሻካራነትም ለውጥ ያመጣል፤ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ሁሉ ለይቶ ነው የሚለካው። ቢሆንም በአንድ ጠዋት የእግር መንገድ ውስጥ ጢም ወደ ልጥፍ፣ ልጥፍ ወደ ዱቄት፣ ዱቄት ወደ ጥቀርሻ ሲለወጥ ማየት በቁጥር ከተጻፈ ዘገባ ይልቅ ልብ ውስጥ ይገባል።

ቅጠልም እንዲሁ ይመሰክራል። ቅጠል በአብዛኛው በታችኛው ገጹ በኩል በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይተነፍሳል። በጥርጊያ መንገድ ዳር ያለ ጤፍ በመኪና አቧራ ነጭ ሆኖ ያየ ሰው የሚሆነውን መገመት አያቅተውም፤ ብርሃኑ ይጋረዳል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ቅጠሉ ይግላል። የባሰው ግን የማይታየው ነው። ኦዞን ከሰማይ በላይኛው ክፍል ሲሆን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልል ጃንጥላ ነው፤ መሬት ላይ ሲሆን ግን መርዝ ነው። ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። ከመኪና የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከሌሎች ተናኝ ጋዞች ጋር ፀሐይ ላይ ሲውል የሚበስል ነገር ነው። በቅጠሉ ቀዳዳ ገብቶ ህዋሳቱን ያቃጥላል፤ ተክሉም ቀዳዳውን ሲዘጋ መርዙን ብቻ ሳይሆን ምግቡን የሚሠራበትን አየርም ይከለክላል።

ይህን ያጋለጠው ሰላጣ ነው ብል አላጋነንኩም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች የሰላጣና የስፒናች ቅጠላቸው ብርና ነሐስ እየመሰለ ሲበላሽ አዩ። ተባይ አይደለም፣ በሽታም አይደለም። አሪ ሃገን ስሚት የሚባል ኬሚስት የመኪናና የነዳጅ ጋዞች ፀሐይ ላይ ሲውሉ ኦዞን እንደሚፈጥሩ፣ በቅጠሉ ላይም ያንኑ ምልክት እንደሚያወጡ በሙከራ ያሳየው በኋላ ነው። የከተማው ሰው ዓይኑ እያነባ ምክንያቱን ሲፈልግ ጎመን ሻጩ ማስረጃውን በጋሪ ይዞ ይዞር ነበር። ስንዴም ለኦዞን ከሚሸነፉ ሰብሎች ውስጥ ነው፤ ለ2000 እ.ኤ.አ. የተሠራ አንድ ዓለም አቀፍ ስሌት በኦዞን ሳቢያ የጠፋውን የስንዴ ምርት ከ7 እስከ 12 በመቶ ገምቶታል። አርሶ አደሩ ይህን ኪሳራ የሚጽፈው በዝናብ ወይም በዘር ስም ነው።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው የማይጥም ነገር አለ። ባሕር ዛፍ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ረሃብ ያዳነ፣ ጠረኑ ራሱ «ጤና ነው» የሚባልለት ዛፍ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነውም በቅጠሉ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ አይሶፕሪን የሚባል ተናኝ ጋዝ በብዛት ከሚያወጡ ዛፎች አንዱ ነው። ጫካው ለብቻው ቢሆን ችግር አልነበረም። ከተራራው የሚወርደው አይሶፕሪን ከተማ ውስጥ ከሚወጣው የመኪና ጋዝ ጋር በጠራራ ፀሐይ ሲገናኝ ግን ለኦዞን መፈጠር ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ዛፉ አልበደለም። ጎረቤቱ ተለወጠበት።

ከሁሉ በላይ ልቆይበት የምፈልገው ግን የንቧ ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚዋ የማር አምራች ናትና። ንብ አበባን ከሩቅ የምታገኘው በመዓዛው ነው። መዓዛ ማለት ከአበባው ተነሥቶ በነፋስ የሚሄድ የጋዝ መልእክት ነው፤ ኦዞንና ናይትሮጅን ኦክሳይድ መንገድ ላይ ያገኙትና ያፈርሱታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ንጹሕ አየር ውስጥ ከ1000 እስከ 1200 ሜትር ይደርስ የነበረ የአበባ መዓዛ፣ በዛሬው የትላልቅ ከተሞች አየር ከ200 እስከ 300 ሜትር ብቻ ሄዶ ይጠፋል። ንቧ ሰክራ አይደለም የምትዞረው፤ ደብዳቤው ተቀድዶ ነው የደረሳት።

የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ክፍት ማሳ ላይ የጎመን ዘመድ የሆነ ሰናፍጭ ተክለው የናፍጣ ጭስና ኦዞን ለቀቁበት፤ መጠኑ በመንገድ ዳር ከሚያጋጥመው የበለጠ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ውጤት ወደ ማሳው የመጡት አበባ ቀሳሚ ነፍሳት እስከ 70 በመቶ፣ አበባ ላይ የማረፋቸው ብዛት ደግሞ እስከ 90 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ህንድ ውስጥ ባንጋሎር ከተማ ከተበከሉ ሰፈሮች የተያዙ የዱር ንቦች ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆኑት በ24 ሰዓት ውስጥ እንደሞቱ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ያሳያል። ክንፋቸውና ጸጉራቸው በብናኝ ተሸፍኖ ነበር።

ይህን ወደ ኑግ ማሳ ይውሰዱት። ኑግ የራሱን የአበባ ዱቄት አይቀበልም፤ ከሌላ ኑግ ዱቄት የሚያመጣለት ነፍሳት፣ በተለይም ንብ፣ ያስፈልገዋል። በጎጃምና በወለጋ ሜዳው ቢጫ በሚለብስበት ወራት ንቧ ማሩን ትሠራለች፣ በጎን ደግሞ ዘይታችንን ትሠራልናለች። በገጠሩ አየር ገና ንጹሕ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። ግን ኑጉም ቀፎውም አስፋልት እየተከተለ ወደሚያድገው ከተማ ጥግ እየቀረበ ነው፤ ወይም ከተማው ወደ እነሱ።

ወፎች ሌላ ታሪክ አላቸው። ሳንባቸው አየርን በአንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ ስለሚያሳልፍ ከእኛ ይልቅ ኦክስጅን በደንብ ይወስዳሉ፤ መርዝም እንዲሁ። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ በጎጆ ይዘው ጉድጓድ ሲወርዱ የኖሩት፣ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ለዚህ ነው። እዚያው እንግሊዝ፣ በዲሴምበር 1952 ለንደንን ለአምስት ቀን የሸፈነው ጭስ አራት ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ የታወቀው መዝገብ ከተሰበሰበ በኋላ ነበር። ለኤግዚቢሽን ከተማ የመጡት የሰቡ ከብቶች ግን ያን ጊዜውኑ መተንፈስ አቅቷቸው ይወድቁ ነበር።

ከአየር የሚወርደው ሁሉ የት እንደሚያርፍም ማየት ይገባል። ድኙ አሲድ ዝናብ ሆኖ በስዊድንና በኖርዌይ ሺህ ሐይቆችን ዓሣ አልባ አድርጓል፤ ጭሱ የተነሣው ግን በብዛት ከሌሎች አገሮች ነበር። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1979 ጄኔቫ ላይ ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት የተፈረመው። ናይትሮጅኑ ደግሞ ያልተጠየቀ ማዳበሪያ ነው፤ ደሃ አፈር የለመዱ ዕፀዋትን እየገፋ ፈጣን ሣርን ያነግሣል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ከሚገባው ፎስፈረስ ብዙው በዝናብና በአቧራ ከአየር የሚወርድ መሆኑ ተለክቷል፤ የማሳና የጫካ ቃጠሎ አመድም አለበት። የጣናን እምቦጭ በአየር ላይ ላሳብብ አይደለም፤ የዚያ ዋናው ምንጭ ከማሳና ከከተማ የሚታጠበው ነው። ግን ሐይቅ የሚጠግበው በወንዝ በኩል ብቻ እንዳልሆነ ማወቁ አይጎዳም።

«አየሩን የሚበክለው ሰው ብቻ ነው እንዴ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ባለፈው ኅዳር፣ ከተማው ከታጠነ በሁለተኛው ቀን፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በጽሑፍ በተመዘገበ ታሪክ ፈንድቶ አያውቅም ነበር። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድ ደርሶ በረራዎችን አሰረዘ፤ ዓለም የሰማው ይህን ነው። አፍዴራ አካባቢ ያለው አርብቶ አደር ግን ያየው ሌላ ነው፤ ግጦሹ አመድ ለብሶ ከብቱና ፍየሉ የሚበላው አጣ። የእሳተ ገሞራ አመድ እንደ ምድጃ አመድ ለስላሳ አይደለም፤ የተፈጨ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። ጥርስ ይሞርዳል፣ ሆድ ውስጥ ይከመራል፣ አንዳንዱም ፍሎራይን የሚባል መርዝ ይዞ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባለው ስንጥቅ ለወራት ሲተፋ ከአገሪቱ በጎች ሰማንያ በመቶ ያህሉ አለቁ፤ በተከተለው ረሃብ ከሕዝቡ አምስተኛ እጅ ያህሉ ሞተ። ሰው የሞተው በጋዙ ከመታፈን ይልቅ በጉ ስላለቀበት ነበር።

ከእሳተ ገሞራው ጋር መከራከር አይቻልም። ከቀረው ጋር ይቻላል። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏ በዓለም ያልተለመደ እርምጃ ነው፤ ቀድመው የገቡት አሮጌ መኪኖች ግን ገና ብዙ ዘመን ይኖራሉ፤ የኤሌክትሪኩም መኪና ጭስ ማውጫ ባይኖረው ጎማ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዋሽንግተን ግዛት ጅረቶች ሳልሞን ዓሣን ሲገድል የኖረው ከጎማ ብናኝ የሚወጣ ኬሚካል መሆኑን አግኝተዋል። ከመኪናው ይልቅ ትልቁ ጭስ ያለው ደግሞ ማዕድ ቤት ነው። በአገራችን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል አሁንም በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ያበስላል። ኩበት ሲነድ ጭሱ እናትና ሕፃኑ ላይ ይቀራል፤ ማሳውም ፍጉን ያጣል። አንድ እሳት ሁለት ቦታ ያቃጥላል።

የእኛ ግቢ የኮክ ዛፍ ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት አንዲት ግራጫ ልጥፍ አለች። ባለፈው ኅዳር ጭሱ ካለፈ በኋላ ጠርዟን በእስክሪብቶ ከበብኳት። ላይከን በዓመት የሚያድገው ቢበዛ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ ቶሎ የሚነግረኝ ነገር የለም። እማማ በአጥሩ በኩል አይተውኝ ምን እንደምሠራ ጠየቁ፤ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እሺ ልጄ፣ ዛፉንስ በእስክሪብቶ ለካኸው። ዶሮዎቼን በምን ትለካልኛለህ?» አሉኝ። መልስ እስካገኝ አልጠበቁም። አካፋ አመጡና አመዱን ከነሥሩ እየዛቁ በማዳበሪያ ከረጢት ከተቱት፤ አፉን በሲባጎ ቋጥረው ዶሮዎቹ የማይደርሱበት ጣራ ላይ አወጡት።